ከቋራ ቆላ እስከ ደረስጌ በሞተር ብስክሌት

ሽርሽር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ላንጋኖን ወይም ሶደሬን ነው። እኛ ግን ዛሬ አንባቢዎቻችንን ይዘን የምንነሣው በሱዳን ድንበር በኩል ካለችው የቋራ ከተማ ከገለጉ ነው፤ መድረሻችንም በስሜን ያለችው ደረስጌ ማርያም ናት። መንገዱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቋራው ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በደረስጌ ነው። እርሳቸው ከቆላው ተነሥተው ዘውዱ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ዓመትና ብዙ ጦርነት ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ ስድስት ቀን መድበናል።

ካርታውን ዘርግተን ስንመለከት ያስቸገረን የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከፍታው ነው። ገለጉ ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በታች ስትሆን፥ በስሜን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ሳንቃ በር ከ3200 ሜትር በላይ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሳንቃ በር ላይ የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ላይ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፥ ጉልበቱም ይደክማል። ስለዚህ ሁለተኛው ቀን ማታ ጎንደር ገብተን፥ ሦስተኛውን ቀን መካኒክ ዘንድ የቤንዚኑን ልክ በማስቀነስ እናሳልፋለን። ሲመለሱ ይህን ሳያስተካክሉ ቆላ መውረድ ደግሞ ሞተሩን በሙቀት ያስጎዳል።

ወሩ ጥቅምት ነው። በክረምት የቋራ ጥቁር አፈር በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ መንኰራኵሩን ያስራል። በጥቅምት ግን በሽንፋ በኩል እስከ ገንዳ ውኃ የሰሊጥ አጨዳ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ የዕጣኑ ዛፍ እየቀረ፥ አየሩ እየቀዘቀዘ፥ አይከል ላይ ደጋው ይጀምራል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ መውሰድ ግዴታ ስለ ሆነ፥ ጠባቂው ከኋላ ይቀመጣል። ታዲያ ሻንጣው የት ይቀመጥ? በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቻችን ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ወባንም እንዳትንቁ። ቆላ ላይ የነከሰች ትንኝ በሽታዋ የሚገለጸው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነውና፥ ትኩሳቱ የሚነሣው ደጋ ላይ ወይም ቢሮ ከተመለሱ በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ለሐኪሙ በቅድሚያ የሚነገረው ከየት እንደ መጡ ነው።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ እቅዱ በመሳቢያ ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ በዚህ መንገድ መጓዝ የድፍረት ጉዳይ አይደለም፤ በመተማ መንገድ ተሳፋሪ እየታገተ ገንዘብ ሲጠየቅበት ቆይቷል። እኛም ከጭነት መኪና ሾፌሮች ወሬ እየጠየቅን የመነሻውን ቀን ባዶ ትተነዋል፤ ወሩን ብቻ ጽፈናል።