«ቅነሳ» ወይስ «ነጠቃ»? ስለ አዲሱ የአረብ ብረት አሠራር ስያሜዎች

በዓለም ላይ ከሰው ሥራ ወደ አየር ከሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከመቶ 7 እጅ ያህሉ ከብረትና ከአረብ ብረት ሥራ እንደሚመነጭ ይገመታል። ይህን ለማሻሻል ስለተጀመረው አሠራር የሚጻፈው ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ ቃል ሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን ተሸክሞ አንባቢን ለስሕተት ይዳርጋል። ቃሉ «ቅነሳ» ነው።

በቅድሚያ ነገሩን እንመልከት። የብረት ማዕድን በአብዛኛው ብረት ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደበት ድንጋይ ስለሆነ፣ ብረቱን ለማግኘት ኦክስጅኑን የሚወስድለት ሌላ ነገር ያስፈልጋል። በነባሩ አሠራር ትኩስ አየር በሚነፋበት ረጅም እቶን ውስጥ ከድንጋይ ከሰል የተዘጋጀ ኮክ ይነድዳል፤ ከእርሱ የሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማዕድኑን ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በዚህ መንገድ ለ1 ቶን አረብ ብረት 2 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በአዲሱ አሠራር የካርቦንን ቦታ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ ተረፈ ምርቱም የውሃ እንፋሎት ነው። በኬሚስትሪ ስሌት ለ1 ቶን ብረት 54 ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ይበቃል። ሆኖም ሃይድሮጅኑ ውሃን በኤሌክትሪክ በመክፈል የሚገኝ ሲሆን፣ የአሠራሩ ንጽሕና በኤሌክትሪኩ ምንጭ ይወሰናል። በስዊድን «ሃይብሪት» የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ፣ በ2020 በሉሌዮ ከተማ የሙከራ ፋብሪካውን ሥራ አስጀምሯል፤ በ2021 ደግሞ በዚህ ዘዴ የተሠራ አረብ ብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ ደርሷል።

እንግዲህ ኦክስጅንን የመውሰዱ ሂደት በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል በተራ አነጋገር «መቀነስ» ማለት ነው። ተርጓሚው ይህን ተከትሎ «የብረት ማዕድን ቅነሳ በሃይድሮጅን» ቢል፣ አንባቢው የሚቆፈረው ማዕድን መጠን እንዲያንስ የታሰበ ይመስለዋል። በዚያው ገጽ «የካርቦን ቅነሳ» የሚል ሲከተል ግራ መጋባቱ ይብሳል፤ የመጀመሪያው የኬሚካል ሂደት፣ ሁለተኛው የመጠን ማነስ ነውና። የቃሉ የላቲን ምንጭም ቢሆን «መልሶ መምራት» ማለት እንጂ ማሳነስ አይደለም፤ ብረቱ ወደ ብረትነቱ ተመለሰ ለማለት ነው።

ሦስት አማራጮችን መዝነናል። «ሪዳክሽን» ትርጉሙ ባይዛባም ግሥና ቅጽል አይወልድልንም። «ምልሰት» ለላቲኑ ይቀርባል፤ ነገር ግን ብረትን ዳግም ለጥቅም ከማዋል ጋር ይምታታል። «ነጠቃ» የሚሆነውን በግልጽ ያሳያል፤ ርባታውም ሙሉ ነው፦ ነጠቀ፣ ነጣቂ፣ ተነጣቂ። ስለዚህ «ኦክስጅን ነጠቃ» እንዲባል እናቀርባለን። በጠቅላላ ኬሚስትሪ ግን ፅንሰ ሐሳቡ በኤሌክትሮን ዝውውር ስለሚበየንና ኦክስጅን የሌለባቸውንም ሂደቶች ስለሚጨምር፣ ስያሜው በማዕድን ማቅለጥ ሙያ ብቻ እንዲወሰን ያስፈልጋል።

ሁለት ነጥቦች እንጨምር። «ኮክ» ለአማርኛ ተናጋሪ ፍሬ ነው፤ በመሆኑም «ኮክ ከሰል» ማለት ይሻላል። «አረንጓዴ አረብ ብረት» የሚለውም ወይ ቀለሙን፣ ወይ ችግኝ ተከላን ያሳስባል፤ የአሠራሩንም ዓይነት አይለይም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን፦

ኦክስጅን ነጠቃ፦ ከማዕድን ኦክስጅንን የመውሰድ ሂደት።
ኦክስጅን ነጣቂ፦ ይህን የሚፈጽም ንጥረ ነገር፤ ለምሳሌ ሃይድሮጅን።
ቀጥተኛ ነጠቃ፦ ማዕድኑ ሳይቀልጥ የሚደረግ ነጠቃ።
ባለ ወናፍ እቶን፦ ትኩስ አየር የሚነፋበት፣ በኮክ ከሰል የሚሠራ ማቅለጫ።
ባለ ቅስት እቶን፦ በኤሌክትሪክ ቅስት ሙቀት የሚያቀልጥ።
በሃይድሮጅን የተነጠረ አረብ ብረት፦ «አረንጓዴ» በሚለው ፈንታ።

«ቅነሳ» እንግዲህ ለመጠን ማነስ ብቻ ይቀመጥ። ተርጓሚዎች እነዚህን ስያሜዎች በሥራ ላይ አውለው የሚታያቸውን ጉድለት ቢጽፉልን፣ ከመዝገበ ቃላት ከመግባታቸው በፊት ለማረም ይረዳናል።