ያውቁ ኖሯል? የሌሊት ዳንስና የባቡር መስመር

▪ በጳጉሜን 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ መለከት መንፋት የተማሩት 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በጅቡቲው ባቡር በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ አልፈው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ለኋለኞቹ የዳንስ ባንዶች መሠረት የሆነውን የነሐስ ሙዚቃ ይዘው ነበር።

▪ በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘፈነው አለማየሁ እሸቴ፣ ጠጕሩን አበጥሮና ወገቡን እያወዛወዘ የባሕር ማዶውን ሮክና ሶል በአማርኛ ዜማ ስላዋሐደ፣ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የሚል ቅጽል አትርፏል።

▪ ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተለይቶ ሳለ፣ ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መባቻ፣ እሥራትን እንኳ ሳይፈራ፣ የአለማየሁን ድምፅ በህንድ አገር በሸክላ አሳትሞ ለገበያ አቀረበ፤ የከለከለውም አልነበረም።

▪ ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ጭፈራ አላስቀረውም፤ ይልቁንም ከመንፈቀ ሌሊት አስቀድሞ ወደ ክበቡ የገባ እንግዳ በሩ ስለሚዘጋበት፣ እንደ ማኅሌት ቋሚ በእግሩ ሲወዛወዝ አንግቶ፣ የሚወጣው ሰዓቱ ሲፈቀድ ነበር።

▪ በሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት የተጫወተው ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ፣ የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዚያው ቀርቶ፣ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ለረጅም ዘመን ኖሯል።