አምፕሊፋየርን ከስፒከርና ከሰብዉፈር ጋር ማጣጣም

በመኪና ውስጥ አምፕሊፋየር ከቴፑ የሚመጣውን ደካማ የድምፅ ምልክት ከባትሪ በሚወስደው ኃይል አጎልብቶ ለስፒከር የሚያቀብል መሣሪያ ሲሆን፣ ስፒከሩም ኃይሉን በማግኔት መካከል በተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል አማካይነት ወደ ንዝረት፣ ንዝረቱንም ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ዋት ነው፤ ያ ቁጥር ግን መሣሪያው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበትን ጣሪያ የሚያመለክት በመሆኑ ለማጣጣም ሥራ አይረዳም። መመዘን ያለበት አር ኤም ኤስ የሚባለው፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው፣ ስፒከሩም ሳያቋርጥ የሚሸከመው ኃይል ነው።

ይህም ቢሆን ያለ ኦም ትርጉም የለውም። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የመኪና ስፒከሮች 4 ኦም ናቸው። 20 ቮልት የሚያወጣ አምፕሊፋየር በ4 ኦም ላይ 100 ዋት ሲሰጥ፣ አቅሙ ከፈቀደለት በ2 ኦም ላይ 200 ዋት ይሰጣል፤ ተቃውሞው በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ እጥፍ ይሆናልና። ሰብዉፈር፣ ማለትም ከ80 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራው ትልቅ ስፒከር፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥቅል ስላለው እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ እያንዳንዱ ጥቅል 2 ኦም ከሆነ በተከታታይ ሲያያዙ 4 ኦም፣ በትይዩ ሲያያዙ ደግሞ 1 ኦም ይሆናሉ። ከ2 ኦም ላላነሰ ጭነት የተሠራ አምፕሊፋየር በ1 ኦም ሲሠራ ከመጠን በላይ ይግላል፤ የመከላከያ ክፍሉ ካላጠፋውም ሊቃጠል ይችላል።

ብዙዎች የሚፈሩት ከስፒከሩ የሚበልጥ አምፕሊፋየርን ነው፤ ይሁን እንጂ አነስተኛ ሆኖ ከአቅሙ በላይ የሚገፋ አምፕሊፋየርም ስፒከር ያቃጥላል። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር የሞገዱን ጫፍ ቆርጦ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ፈጽሞ ጠፍጣፋ የሆነ ሞገድ ደግሞ እኩል ከፍታ ካለው ንጹሕ ሞገድ እጥፍ ኃይል ስለሚይዝ፣ 100 ዋት የተባለው መሣሪያ ወደ 200 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በጥቅሉ ላይ ያራግፋል። ስለዚህ የአምፕሊፋየሩ አር ኤም ኤስ ከስፒከሩ ጋር እኩል ወይም በጥቂቱ ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ጌን የሚባለው ማስተካከያም አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ምልክት ጥንካሬ ጋር ለማመጣጠን የተሠራ ስለሆነ፣ ድምፅ ለመጨመር ሲባል መጠምዘዝ የለበትም። ኃይል እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነውና፣ ለ400 እና ለ500 ዋት ልዩነት ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

ሁሉም ኃይል የሚመጣው ከባትሪውና ከዲናሞው ነው። 500 ዋት የሚሰጥ፣ ብቃቱም 80 በመቶ የሆነ የክላስ ዲ አምፕሊፋየር ሞተሩ ተነሥቶ ቮልቴጁ 13.8 ሲሆን 45 አምፔር ያህል ይስባል፤ ብቃቱ 50 በመቶ የሆነ የክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር ግን ለዚያው ሥራ ከ72 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ገመዱ በዚህ ልክ መወፈር አለበት፤ ፊውዙም ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጣል፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ ፍሰቱን የሚያቋርጥ ሌላ ነገር የለምና።