ሠዓሊው የነደፋቸው ጀልባዎች፦ አርቺባልድ ኬሪ ስሚዝ



ዛሬ የማነሣው ሰው በሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ በጀልባ ንድፍ ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ አይዘለልም። አርቺባልድ ኬሪ ስሚዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1837 በኒው ዮርክ ተወልዶ በ1911 አረፈ። የባሕር ሠዓሊ ነበር፤ ያት የሚባሉት የሽርሽርና የእሽቅድድም ጀልባዎች ነዳፊም ነበር። ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሰው ላይ የተገናኙት እንዲያው በአጋጣሚ ነው ወይስ አንዱ ለሌላው ስንቅ ሆኖታል? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ስሚዝ የጀልባ ሥራን የተማረው ከእውቁ ጀልባ ሠሪ ከሮበርት ፊሽ ዘንድ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የእሽቅድድም ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ላይ አይነደፍም ነበር። ሠሪው የጀልባዋን አንድ ጎን በትንሹ ከእንጨት ይቀርጻል፤ በጣቱ እየዳሰሰ፣ በዓይኑ እየመዘነ ያስተካክለዋል፤ ከዚያም ልኩን አሳድጎ ወደ ትልቁ ሥራ ይሻገራል። ይህን ዘዴ የሚንቅ ሰው ይሳሳታል፤ እጅግ ፈጣን የሆኑ ጀልባዎች ወጥተውበታልና። ይሁን እንጂ የተቀረጸው እንጨት ቅርጽን እንጂ ክብደትን አይናገርም። ጀልባዋ ምን ያህል ውሃ እንደምትገፋ፣ የስበት ማእከሏ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ነፋስ ሲመታት እስከ ምን ድረስ አዘንብላ እንደምትመለስ ለማወቅ ሒሳብ ያስፈልጋል።

ስሚዝ በኋላ ወደ ሥዕል ዞረ። መምህሩ ማውሪትዝ ደ ሃስ ነበር፤ በ1832 በሮተርዳም ተወልዶ በ1859 ወደ ኒው ዮርክ የመጣ የባሕር ሠዓሊ ነው። የጀልባ ሥዕል ደንበኛ አስቸጋሪ ደንበኛ ነው። የጀልባዋ ባለቤት እያንዳንዱን ገመድ ያውቃል፤ ጀልባው በሥዕሉ ላይ አንዲት ስንዝር ከፍ ብላ ብትንሳፈፍ ወይም ሸራዋ ከነፋሱ ጋር ባይስማማ ወዲያው ይታየዋል። እንግዲህ ሠዓሊው ከሁሉ በፊት የሚማረው ጎባጣውን አካል በዝርግ ገጽ ላይ ሳያዛባ ማስፈርን ነው።

በ1871 ውሃ ላይ የዋለችው ቪንዴክስ የዚህ ትምህርት ፈተና ሆነች። ሮበርት ሴንተር የተባለ የባሕር ጉዞ ወዳድ ያሠራት ጀልባ ስትሆን አካሏ ብረት ነበር። ብረት ደግሞ እንደ እንጨት በሥራ መካከል በመጥረቢያ እየተጠረበ አይታረምም፤ ሳይቆረጥና ሳይታጠፍ በፊት ቅርጹ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ንድፏ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ተሠራ። ሥዕል ለስሚዝ ስሌት አስተማረው አልልም። ስሌቱ የተገኘው ከምሕንድስና መጻሕፍትና ከትዕግሥት ነው። ነገር ግን በእንጨት ብቻ የሚያስቡ ሠሪዎች በወረቀት ላይ ያለውን መስመር ሲጠራጠሩ፣ እርሱ መስመሩን አምኖ ገና ያልተሠራችውን ጀልባ ሊያያት ቻለ። በእኔ አስተያየት የሥዕሉ ውለታ ይህ ነው።

ነገሩ የሞያተኞች ክርክር ብቻ እንዳልነበረ የታወቀው ሐምሌ 1876 በኒው ዮርክ ወደብ፣ በስታተን ደሴት አጠገብ ነው። ሞሃውክ የተባለችው ታላቅ ጀልባ ሸራዋን ዘርግታ፣ መልሕቋን ገና ሳታነሣ ድንገተኛ ነፋስ መታትና ተገለበጠች። ባለቤቷ ዊልያም ጋርነር ከሚስቱና ከሌሎች ጋር ሕይወታቸው አለፈ። ሞሃውክ ስፋቷ ወደ 9 ሜትር የሚደርስ፣ ወደ ውሃ የምትገባው ግን ከ2 ሜትር በታች ነበር። እንዲህ ያለች ሰፊና ጥልቀት አልባ ጀልባ በትንሹ ስታዘነብል ውሃው ጎኗን መልሶ ስለሚገፋት ጽኑ ትመስላለች፤ የተሳፈረባትም ይተማመናል። ማዘንበሉ ከልክ ሲያልፍ ግን መላሹ ኃይል ይደክማል፤ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል። ጠባብና ጠለቅ ያለች፣ ክብደቷንም ከሥሯ ያደረገች ጀልባ በተቃራኒው ገና ከጅምሩ ታዘነብላለች፤ ሆኖም ባዘነበለች መጠን ወደ ቦታዋ የሚስባት ኃይል ይበረታል። ይህን ልዩነት በጣት ዳሰሳ ማወቅ አይቻልም።

ከአደጋው በኋላ በሰፊዋ የአሜሪካ ጀልባና በጠባቧ የእንግሊዝ ጀልባ ደጋፊዎች መካከል ረጅም ሙግት ተነሣ። ስሚዝ ከሁለቱም ጫፍ አልቆመም። በ1879 የነደፋት ባለ ብረት አካሏ ሚስቺፍ ርዝመቷ ከ20 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ስፋቷ 6 ሜትር ገደማ ነው። ከሥሯ የሚወርድና የሚነሣ ሳንቃ ስለነበራት የአገሯን ልማድ ፈጽማ አልተወችም። በ1881 ለአሜሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ስትወዳደር እጅግ የተፈታተነቻት በ1868 ተሠርታ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ እየተለወጠች የቆየችው ግሬሲ ነበረች፤ የተበላለጡትም በጥቂት ሰከንዶች ነው። የወረቀቱ ንድፍ አሸነፈ እንበል እንጂ የልምዱ እጅ ብዙም አልራቀውም።

በኅዳር ወር ከካናዳ የመጣችውን አታላንታን በመጀመሪያው ቀን ከ28 ደቂቃ በላይ፣ በማግሥቱም ከ38 ደቂቃ በላይ ቀድማት ዋንጫውን አስጠበቀች። ይህን ድል ከልኩ በላይ ማግነን አይገባም። አታላንታ በጥድፊያ ተሠርታ፣ በቦዮቹ ጠባብ በሮች ለማለፍ በጎኗ እንድታዘነብል ተደርጋ በብዙ ድካም የደረሰች ጀልባ ነበረች።

የስሚዝ ስም ከዚያ በኋላ ባሕር ተሻገረ። የነደፋትን ያምፓን የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ገዝቶ ኢዱና ብሎ ሰየማት፤ ወዷትም ሌላ፣ የበለጠች ጀልባ እንዲነድፍለት ስሚዝን አዘዘ። ሜቴዎር ሦስተኛ የተባለችው ይህች ጀልባ የካቲት 25 ቀን 1902 በኒው ዮርክ አጠገብ በሹተርስ ደሴት ውሃ ላይ ዋለች። የንጉሠ ነገሥቱ ወንድም ልዑል ሄንሪና ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በተገኙበት የፕሬዚዳንቱ ልጅ አሊስ ስም አወጣችላት። የኤዲሰን ኩባንያ ሥነ ሥርዓቱን በተንቀሳቃሽ ፊልም ቀረጸው። ሠዓሊው ያን ጊዜ 64 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ መድረኩ የጥያቄ ነው።