ባለቀዳዳው ካርቶን

ኪዋቱሌ በካምፓላ ሰሜን ምሥራቅ፣ በናካዋ ክፍለ ከተማ ያለች ሰፈር ናት። እንደ መላው ኡጋንዳ የመንደር ሊቀ መንበሯን የምትመርጠው በሰልፍ ነው፤ ነዋሪው ከፈለገው ዕጩ ወይም ከዕጩው ፎቶ ኋላ ይቆማል፣ ሰልፉ ይቆጠራል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 የመንደር ምርጫው በዚህ መንገድ ተካሂዷል። ኮሮጆ የለም፣ የሚገለበጥም የለም፤ መቁጠር የቻለ ሁሉ ታዛቢ ነው። ምስጢር ግን አይታሰብም፤ አከራይም አበዳሪም ማን ከማን ኋላ እንደቆመ ያያል። ለዓይነ ስውሩ ደግሞ ይህ ሁሉ ግልጽነት የሚደርሰው በሰው አፍ ነው።

ፕሬዚዳንትና የፓርላማ አባል የሚመረጡት በወረቀት ነው። ጣቢያው ሲዘጋ ወረቀቶቹ እዚያው በሕዝብ ፊት ይቆጠራሉ፣ የዕጩ ወኪሎች የውጤት ቅጹን ይፈርማሉ፣ ቅጂም ይይዛሉ። ማንበብ ለማይችለው ሰው የዕጩዎቹ ፎቶና ምልክት ታትሞለታል። ለጣት ግን ወረቀቱ ልሙጥ ነው።

ሕጉ መፍትሔ ያለው ረዳት ነው፤ መራጩ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይገባል። የእኛም የኢትዮጵያ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ይህንኑ ይፈቅዳል። ኡጋንዳ በዚህ ጉዳይ ግድ የለሽ አይደለችም፤ አካል ጉዳተኞችን የሚወክሉ አምስት የፓርላማ መቀመጫዎች አሏት። ይሁንና ልጅ አባቱን ይወዳል ማለት የአባቱን ዕጩ ይወዳል ማለት አይደለም። ሌላው መራጭ የገዛ ዓይኑን ሲያምን፣ ዓይነ ስውሩ የረዳቱን እጅ ማመን አለበት።

ባለቀዳዳው ካርቶን የመጣው ለዚህ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2004 ምርጫዋ ተጠቅማበታለች። ከወፍራም ወረቀት የተሠራ አቃፊ ሲሆን በእያንዳንዱ ዕጩ ትክክል ቀዳዳ አለው፤ ከቀዳዳው ጎን ቁጥሩን የሚናገሩ ጎላ ያሉ ነጥቦች ይዳሰሳሉ። ወረቀቱ ወደ አቃፊው ይገባል፣ አስመራጩ የዕጩዎቹን ስም በተራ ያነባል፣ መራጩ ለብቻው ገብቶ በጣቱ ይቆጥርና በቀዳዳው ውስጥ ምልክቱን ያደርጋል። ብሬል ያልተማረም ነጥብ መቁጠር አያቅተውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኡጋንዳ 11 የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ነበሯት፤ አሥራ አንድ ቀዳዳ ማለት ነው።

ማሽን አይሻልም ወይ? የህንድ የምርጫ ማሽን በአዝራሩ ጎን የብሬል ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የተመረጠውን ዕጩ የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት እያተመ በመስታወት ውስጥ ለሰባት ሰከንድ ያሳያል። ማረጋገጫው ግን ለሚያይ ብቻ ነው። በጆሮ ማዳመጫ የሚናገሩና ወረቀት የሚያትሙ ማሽኖችም አሉ፤ የሚያትሙት ወረቀት ከሌላው ሰው ወረቀት የተለየ ከሆነና በጣቢያው አንድ ዓይነ ስውር ብቻ ካለ፣ ድምፁ በቆጠራ ሰዓት በስሙ የተጠራ ያህል ነው።

ካርቶኑን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን ሲጨርስ እዚያው ይቀራል፤ ኮሮጆ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ከማንም ወረቀት አይለይም፣ እንደማንኛውም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ታይቶ ይቆጠራል። ጉድለትም አለበት። መራጩ ያደረገውን ምልክት ራሱ መልሶ ማንበብ አይችልም፤ እጁን ማዘዝ ለማይችል ሰው ደግሞ ካርቶኑ ምንም አይጠቅምም። አስመራጩ ስም አዛብቶ ቢያነብስ? ለዚህ የዕጩዎቹን ተራ ቀደም ብሎ በሬዲዮ ማሳወቅ ይበቃል። የዕጩዎች ዝርዝር በመጨረሻው ሰዓት ሲለወጥ ግን የካርቶኑና የወረቀቱ ተራ ይፋለሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው መታተም፣ ከምርጫው ቀን በፊትም በዓይነ ስውራን ጣት መፈተሽ አለባቸው።