ካሜራው እኛን ያያል፤ ካሜራውንስ ማን ያየዋል?

እ.ኤ.አ በጁን 2017 ሪያል ማድሪድ ጁቬንቱስን 4 ለ 1 ያሸነፈበትን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ጨዋታው የተካሄደው በዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ነበር። በዚያ ሰሞን የደቡብ ዌልስ ፖሊስ አንድ ነገር እየሞከረ ነበር፦ የአላፊ አግዳሚውን ፊት በካሜራ እያነበበ ከተፈላጊዎች ዝርዝር ጋር የሚያመሳክር ሲስተም።

ሲስተሙ 2,470 ጊዜ «ይሄ የምትፈልጉት ሰው ሊሆን ይችላል» ብሎ ጠቆመ። 2,297ቱ ስህተት ነበር። ከመቶ 93 ገደማ ማለት ነው! ፖሊስ በበኩሉ በተሳሳተ ጥቆማ የታሰረ ሰው የለም ብሏል።

እንዴት ይህን ያህል ይሳሳታል? አንዱ ምክንያት ቀላል ሂሳብ ነው። በካሜራ ፊት 100,000 ሰው አለፈ እንበል። ተፈላጊዎቹ 10 ብቻ ናቸው። ካሜራው አሥሩንም ለየ፤ ከቀሪዎቹ ላይ ደግሞ የሚሳሳተው ከመቶ በአንዱ ብቻ ነው። አሪፍ ማሽን ነው አይደል? ግን ያ አንድ በመቶ ወደ 1,000 ሰው ነው። 10 ሰው ለማግኘት 1,000 ንጹህ ሰው ተጠረጠረ ማለት ነው። ስለዚህ «99 በመቶ ትክክል ነው» ሲባል ከስንት ሰው ላይ ብላችሁ ጠይቁ።

ስህተቱ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደርስም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ ከፊት ፎቶ ጾታ የሚለዩ ሲስተሞች ተፈትሸው ነበር። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም፤ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል።

በካርዲፍ አንድ ነዋሪ ፖሊስን ከሰሰ። መጀመሪያ ተረታ፤ በኦገስት 2020 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ፍርድ ቤቱ ቴክኖሎጂውን ጨርሶ አልከለከለም። ችግሩ ሌላ ነበር፦ ማን ዝርዝሩ ውስጥ እንደሚገባና ካሜራው የት እንደሚቆም በአብዛኛው ለፖሊሶቹ ፈቃድ ተትቷል፤ ሲስተሙ በዘርና በጾታ ያዳላ እንደሆነም ፖሊስ በቂ ማጣራት አላደረገም።

ለኔ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው። ሌባ የሚይዝ ካሜራ ማንም አይጠላም። ሰው የሚሰጋው ደንቡን ሳያውቅ ሲታይ ነው። በኢኮኖሚክስም ሻጩ ሁሉን የሚያውቅበት፣ ገዢው ምንም የማያውቅበት ገበያ መተማመን ያጣል። ገዢ ግን ካልተመቸው ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ዜጋ ወዴት ይሄዳል?

እኛም ጋ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ አደባባዮች ካሜራ እየበዛ ነው። ለፋይዳ ስንመዘገብ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል እንሰጣለን። ሁለቱ ተገናኝተዋል እያልኩ አይደለም። የፓስዎርድ ስርቆት በመቀየር ይፈታል፤ ፊትና አሻራ ግን አይቀየሩም፤ ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ጥሩ ጅምር ነው። አዋጅ እምነት የሚያመጣው ግን ሰው ሲጠቀምበት ነው።

ስለዚህ አዲስ ካሜራ በተመረቀ ቁጥር ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ምስሌ ስንት ቀን ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ማሽኑ ሲሳሳትብኝ አቤት የምለው ለማን ነው? መልሱ በግልጽ ተጽፎ ከተለጠፈ «እመኑን» ማለት ራሱ አያስፈልግም።