ተፈጥሯዊ የመውለድ አቅምን በምግብና በቻይና ባህላዊ ሕክምና ማሻሻል፡ ምን ያህሉ በጥናት ተረጋግጧል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረገው ሪፖርት እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች መካከል 17 ነጥብ 5 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ6 ሰዎች አንዱ፣ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። ድርጅቱ መካንነት የሚለው ጥንዶች መከላከያ ሳይጠቀሙ 12 ወራትና ከዚያ በላይ በመደበኛነት የግብረ ሥጋ ግንኙነት እያደረጉ ጽንስ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ችግሩ በበለጸጉትም ሆነ በማደግ ላይ በሚገኙት አገሮች ተቀራራቢ በሆነ መጠን የሚታይ መሆኑም በዚሁ ሪፖርት ተመልክቷል።

ችግሩ ያጋጠማቸው ጥንዶች ወደ ሐኪም ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ አንዳንዴም ከሐኪም ቤት ከተመለሱ በኋላ፣ መፍትሔ የሚፈልጉት በገበታቸውና በባህል መድኃኒት ነው። በዚህ ረገድ በጽሑፍ የተደራጀ፣ የራሱ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ያሉትና ወደ ሌሎች አገሮችም በስፋት የተሰራጨው የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ስለ ባህላዊ ሕክምና የሚያወሳ ምዕራፍ ማካተቱ ዘርፉን ይበልጥ አስተዋውቆታል። ይሁን እንጂ በምደባ ውስጥ መካተት ማለት ፈዋሽነቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። ጉዳዩ በጥያቄ የሚታየውም ከዚህ የተነሳ ነው።

የቻይና ባህላዊ ሕክምና ስለ መውለድ አቅም የሚሰጠው ማብራሪያ ከ2 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት እንደተጠናቀረ ከሚታመነው “ኋንግዲ ኔይጂንግ” ከተባለው የሕክምና መጽሐፍ ይነሳል። መጽሐፉ የሴትን ዕድሜ በ7 ዓመት፣ የወንድን ደግሞ በ8 ዓመት እየከፈለ ይቆጥራል። ሴት በ14 ዓመቷ የወር አበባ ታያለች፤ በ35 ዓመቷ የፊቷ ወዘና መቀነስ ይጀምራል፤ በ49 ዓመቷ የመውለድ ዘመኗ ያበቃል። ወንድ በ16 ዓመቱ ለመውለድ ይደርሳል፤ በ64 ዓመቱ አቅሙ ይደክማል። ዘመናዊው ሕክምናም የሴት የመውለድ ዕድል በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ ፈጥኖ እንደሚቀንስ ማረጋገጡ ሲታይ የጥንቶቹ ሰዎች ትዝብት ከእውነታው ብዙም የራቀ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ልዩነቱ የሚመጣው ምክንያቱን በማስረዳቱ ላይ ነው። በቻይናውያኑ አስተምህሮ የመውለድ ኃይል “ጂንግ” ይባላል፤ የሚከማቸውም በኩላሊት ነው። ይህ ኩላሊት ደም የሚያጣራውን የአካል ክፍል ብቻ ሳይሆን እድገትን፣ አጥንትንና ዘርን የሚመራ ሥርዓትን ያመለክታል። ባለሙያው የታማሚውን ምላስ አይቶና የእጁን የደም ሥር ትርታ ዳስሶ የኩላሊት ድካም፣ የደም ማነስ ወይም “የማሕፀን ቅዝቃዜ” አለ ብሎ ሊወስን ይችላል። በዚህም መሠረት ዳንግ ጉዊ የተባለው ሥር፣ ጎው ቺ ዚ የተባለው ቀይ ፍሬና ሌሎች ዕፀዋት ተቀምመው ይሰጣሉ። ከዚህ ጎን ለጎን አኩፓንክቸር በመባል የሚታወቀው በቀጫጭን መርፌዎች የሚሰጠው ሕክምና ይታዘዛል።

ምግቡም የመድኃኒቱ አካል ተደርጎ ይወሰዳል። “ቀዝቃዛ ማሕፀን” አላት የተባለች ሴት ጥሬና ቀዝቃዛ ነገር እንድትተው፣ በምትኩም ትኩስ ሾርባና ዝንጅብል እንድታዘወትር ትመከራለች። ከ1 ሺህ 800 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ካስተላለፋቸው ቅመማዎች አንዱ የበግ ሥጋ፣ ዝንጅብልና ዳንግ ጉዊ አንድ ላይ የሚቀቀሉበት ሾርባ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በቻይና ቤቶች ይሠራል። ለአራስ ሴት ትኩስ ገንፎና የበግ ሾርባ በሚቀርብበት አገር ይህ ሐሳብ እንግዳ አይሆንም።

የዚህ ሕክምና ፈዋሽነት በዘመናዊ የምርምር ዘዴ መፈተሽ የጀመረው ግን በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን በ160 ሴቶች ላይ ተካሂዶ የታተመ ጥናት ከማሕፀን ውጪ ጽንስ የማዋሃድ ሕክምና ከሚከታተሉት መካከል አኩፓንክቸር የተጨመረላቸው 42 ነጥብ 5 በመቶ ሲያረግዙ፣ ያልተጨመረላቸው ያረገዙት 26 ነጥብ 3 በመቶ መሆናቸውን ገለጸ። ውጤቱ በመላው ዓለም ተስፋን አጭሯል፤ በርካታ የግል ክሊኒኮችም አገልግሎቱን በክፍያ መስጠት ጀምረዋል። የጥናቱ ድክመት ግን ጎልቶ የሚታይ ነበር። አንደኛው ቡድን መርፌ ሲወጋ ሌላኛው ምንም አልተደረገለትም። በመሆኑም ልዩነቱ ከመርፌው የመጣ ይሁን ታማሚዎቹ ካገኙት ተጨማሪ እንክብካቤ መለየት አልተቻለም።

ይህን ድክመት ያስተካከሉ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች በኋላ ወጥተዋል። የመጀመሪያው በሐርቢን ከተማ የሚገኘው የሄይሎንግጂያንግ የቻይና ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ነው። ጥናቱ ዕንቁላል በወቅቱ እንዳይለቀቅ በሚያደርገው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የተያዙ 1 ሺህ ቻይናውያን ሴቶችን አካትቷል። ግማሾቹ ትክክለኛ አኩፓንክቸር፣ ግማሾቹ ደግሞ የማስመሰያ መርፌ ተሰጥቷቸዋል። በተጨማሪም ከፊሎቹ ክሎሚፊን የተባለውን ዕንቁላል የሚያስለቅቅ ክኒን፣ ከፊሎቹ ተመሳሳይ መልክ ያለው ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወስደዋል። በውጤቱም ትክክለኛውን መርፌ ካገኙት 21 ነጥብ 8 በመቶ፣ ማስመሰያውን ካገኙት ደግሞ 22 ነጥብ 4 በመቶ ልጅ ወልደዋል። በአንጻሩ ክሎሚፊን ከወሰዱት 28 ነጥብ 7 በመቶ፣ ካልወሰዱት 15 ነጥብ 4 በመቶ ወልደዋል። መርፌው ለውጥ አላመጣም፤ ለአሥርት ዓመታት በሥራ ላይ የቆየው ክኒን ግን የመውለድ ዕድሉን ወደ እጥፍ አስጠግቶታል። ውጤቱን ራሱ የባህላዊ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሳይሸሽግ ማሳተሙ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ጥናት በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከማሕፀን ውጪ ጽንስ የማዋሃድ ሕክምና በሚከታተሉ 848 ሴቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። አኩፓንክቸር ካገኙት 18 ነጥብ 3 በመቶ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 17 ነጥብ 8 በመቶ ወልደዋል። ቅጠላ ቅጠሎቹን በተመለከተ የተደረጉት ሙከራዎች አብዛኞቹ አነስተኛና የአሠራር ጉድለት ያለባቸው በመሆናቸው፣ መረጃዎችን በመገምገም የሚታወቀው ኮክሬን የተባለው ተቋም በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ለተያዙ ሴቶች ለመምከር የሚያስችል በቂ ማስረጃ የለም ሲል ደምድሟል።

የባህል ዕውቀት ሁሉ በዚህ ምክንያት ይጣል ማለት ግን አይደለም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ ከጥንታዊ የቻይና ጽሑፍ ፍንጭ አግኝተው የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚሁ ንጥረ ነገር የሚዘጋጀው መድኃኒት በኢትዮጵያም ለወባ ሕክምና በስፋት ውሏል። መድኃኒቱ እዚህ የደረሰው ግን ጥንታዊ ስለሆነ ሳይሆን ተለይቶ፣ ተመጥኖና ተፈትኖ በማለፉ ነው።

ምግብን በተመለከተ ያለው ማስረጃ ጠንከር ያለ ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 17 ሺህ 544 አሜሪካውያን ነርሶችን ለ8 ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የአመጋገብ ሥርዓታቸው የተሻለ የነበሩት ሴቶች ዕንቁላል ካለመልቀቅ በሚመጣ መካንነት የመያዝ ዕድላቸው በ66 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን አመልክተዋል። እነዚህ ሴቶች በፋብሪካ የረጋ የአትክልት ስብ የሚቀንሱ፣ ከሥጋ ይልቅ ከዕፀዋት የሚገኝ ፕሮቲንን የሚያዘወትሩ፣ ብረትን ከአትክልትና ከክኒን የሚያገኙ፣ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት የሚጠጡና ቫይታሚን የሚወስዱ ነበሩ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ከኢትዮጵያውያን ገበታ፣ በተለይም በጾም ወራት፣ የማይጠፉ በመሆናቸው ምክሩን ለመከተል ከውጭ የሚመጣ ውድ ፍሬ መግዛት አያስፈልግም። ጥናቱ የተከታተለው የሴቶቹን ልማድ እንጂ ሙከራ ያልነበረ በመሆኑ ግን ምግቡ ብቻውን ውጤቱን አስገኝቷል ብሎ መደምደም አይቻልም።

የሰውነት ክብደት ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በሆላንድ በደረሰው የጦርነት ረሃብ የወሊድ ቁጥር ከ9 ወራት በኋላ ወደ ግማሽ ወርዷል። በሌላ በኩል ከልክ በላይ ወፍረው ዕንቁላል መልቀቅ ያቆሙ ሴቶች ከክብደታቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ በመቀነስ ብቻ የወር አበባቸው ሊስተካከል እንደሚችል ሐኪሞች ይገልጻሉ። ለእርግዝና የምትዘጋጅ ሴት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የሚመከረውም ጽንስ እንዲገኝ ሳይሆን የጽንሱ አከርካሪና አንጎል በትክክል እንዲፈጠር ነው።

የወንዱ ድርሻ በአብዛኛው ይዘነጋል። በጥቅሉ ከሚታዩት የመካንነት ችግሮች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ጤንነት አስተዋጽኦ አለበት፤ ሆኖም በብዙ ቤተሰቦች ምርመራውን የምትጀምረው ሚስት ናት፤ ወቀሳውንም የምትሸከመው እርሷው ናት። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሁሉም ምርመራዎች ቀላሉ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ልማድ ምክንያት የለውም። የወንድ ዘር ፍሬ ለመፈጠር ሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚፈጅ በመሆኑ ሲጋራ በማቆምም ሆነ መጠጥ በመቀነስ የሚገኝ ለውጥ ከ3 ወራት በፊት አይታይም። በገበያ የሚቀርቡት የዚንክና የፎሊክ አሲድ ክኒኖች ግን በአሜሪካ 2 ሺህ 370 ጥንዶች ላይ ተሞክረው እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት የዘር ፈሳሹን ጥራትም ሆነ የተወለዱትን ሕጻናት ቁጥር አልጨመሩም።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የጊዜ ጉዳይ ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ለሴቶች መካንነት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ በአባላዘር በሽታ፣ ንጽሕና በጎደለው ወሊድ ወይም ውርጃ ሳቢያ በሚፈጠር ቁስለት የዕንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦ መዘጋት ነው። የተዘጋ ቱቦን ሾርባም ሆነ ሥር አይከፍተውም። የ34 ዓመት ሴት ሁለትና ሦስት ዓመት ቅጠል ስትጠጣ ቆይታ ችግሩ የቱቦ መሆኑ ቢታወቅ፣ የቀሩት ሕክምናዎች የሚሰጡት ውጤትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ሐኪሞች ሴቷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች ከ1 ዓመት ሙከራ በኋላ፣ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ከ6 ወራት በኋላ ጥንዶቹ አንድ ላይ እንዲመረመሩ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

የመድኃኒቶቹ ደኅንነትም ሊጤን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ለክብደት መቀነሻ በተሰጠ የቻይና ቅመም ውስጥ አንዱ ሥር በስሙ መመሳሰል ምክንያት አሪስቶሎኪያ በተባለ መርዛማ ተክል ተተክቶ በመገኘቱ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ዳንግ ጉዊም ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋን ይጨምራል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት መመዝገብ ያለበት ሲሆን፣ ቁጥጥሩን የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ ተይዞ ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጥ የዱቄት ቅመም ግን በዚህ መንገድ አላለፈም።

ኢትዮጵያና ቻይና በሕክምናው መስክ ያላቸው ግንኙነት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ከሄናን ክፍለ ሀገር በሚላኩ የሐኪሞች ቡድኖች የቆየ ሲሆን፣ በቻይና ድጋፍ በተገነባው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አኩፓንክቸር የሚሰጡ ባለሙያዎች ሠርተዋል። አገልግሎቱ በተለይ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚፈለግ ነው። የመካንነት ምርመራና ከማሕፀን ውጪ ጽንስ የማዋሃድ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በተከፈተው ማዕከል ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ወደ ማዕከሉ መድረስ የግድ አይደለም፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ፣ የአባላዘር በሽታዎች ምርመራና የወር አበባ ዑደት ክትትል ከዚያ በፊት በአቅራቢያ በሚገኝ ሆስፒታል ሊጀመሩ ይችላሉ።